መዳፌን ያልገለበጥኩበት ቀን

ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ታናሼ ሃያ ሁለት። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ነርስ በሚያሠለጥን አንድ የግል ኮሌጅ እኔ ጽዳት ነበርኩ፣ እሷ ተማሪ። እኔ የወለወልኩትን ወለል እሷ ነጭ ጋውን ለብሳ ትረግጠዋለች። ሲመሽ አንድ ክፍል ቤታችን ገብተን በአንድ አልጋ እንተኛለን። የሰፈር ሰው ሲጠይቀኝ «እህቴ ነርስ ልትሆን ነው» እላለሁ። አፌ እንዲያ ሲል ሆዴ ሌላ ይል ነበር።

ቅናት ከየት እንደሚጀምር የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። የኔ የጀመረው ከነርስነቱ በፊት ነው፣ ከደብረ ማርቆስም በፊት።

የተወለድነው ከቁይ ወዲያ ባለ ገጠር ነው። አባታችን የቤተ ክህነት ንባብ መምህር ነው፤ ከግቢያችን ጥግ ባለችው ጎጆ የሰፈሩን ወንዶች ልጆች ፊደል ያስቆጥራል፣ ዳዊት ያስደግማል። ሴት ልጅ እዚያ ገብታ አትቀመጥም ነበር። የከለከለ የለም፣ የጠራም የለም። እኔ ከጎጆዋ ግድግዳ ወዲህ ሆኜ ጥጥ እየፈለቀቅኩ እሰማለሁ። ሰምቼ ሰምቼ አንድ ቀን አንዱ ተማሪ መሐል ላይ ሲጠፋበት ሳላስበው ከውጭ አቃናሁት።

«ማን ነው እሱ?» አለ አባቴ፣ ማን እንደሆነ እያወቀ።

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«እስቲ ቀጥዪ።»

ቀጠልኩ። መዝሙሩን እስከ ጭራው አደረስኩት፤ አንድም ቃል አላረመኝም። ያን ምሽት ለእናቴ «ይቺ ልጅ ቀለም ይገባታል፤ ግን ምን ያደርጋል» ሲላት ሰማሁ። «ቀለም ይገባታል» የምትለዋን ይዤ በደስታ ተኛሁ። «ምን ያደርጋል» የምትለዋ የገባችኝ ቆይታ ነው።

በአባባ ትምህርት ቤት አንድ ሕግና አንድ ልማድ አለ፤ ለኋላው ነገር ያስፈልጋችኋልና ያዙልኝ። ሕጉ፣ ተማሪ መሐል ላይ ከጠፋበት ከመሐል አይቀጥልም። «ከራስ!» ይባላል፣ ከመጀመሪያው ቃል ይነሣል። «ራሱን ያልያዘ ጭራውን አይጨብጥም» ይል ነበር አባባ። ልማዱ ደግሞ፣ የጠፋበትን ልጅ አጠገቡ የተቀመጠው ጫፍ ያቀብለዋል፤ የሚቀጥለውን ቃል መነሻ ብቻ፣ በከንፈሩ ወይም በጣቱ። አባባ እያየ አያይም። እያወቀ ጫፍ ያላቀበለ ልጅ ግን ቀኑን ሙሉ የሚያናግረው አያገኝም።

በመንግሥት ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍልን ስጨርስ አንደኛ ወጣሁ። ለዘጠነኛ ከተማ ቤት ተከራይቶ መቀመጥ፣ ስንቅ መመላለስ አለ። ተዘጋጅቼ ነበር፤ ደብተሮቼን ሳይቀር ለብጫለሁ። በዚያው ክረምት እናቴ ከምንጭ ውኃ ይዛ ስትወጣ ጭቃው አዳልጧት ዳሌዋ ተሰበረ። ጤና ጣቢያ ሄደች፣ ሆስፒታል ሄደች፣ ወጌሻም መጣ፤ ከዚያ ተኛች። ሁለት ዓመት። ገላዋን አጠብኩ፣ አጎረስኩ፣ ጀርባዋ እንዳይቆስል በቀኝም በግራም ገለበጥኳት። ያስተማረኝ የለም፤ ቆዳዋ ሲቀላ አይቼ ራሴ የጀመርኩት ነው። ከዓመታት በኋላ ታናሼ ከሞጁሏ ላይ «የማይነሣ በሽተኛን በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ» የሚለውን ስታነብልኝ፣ «ይሄን ለማወቅ ነው ሦስት ዓመት?» አልኳት። ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

እናቴ በከዘራ መራመድ ስትጀምር የኔ ሰዓት አልፏል። ማጭ መጣ፣ ተዳርኩ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ተፋታን፤ የሱ ጣጣ እዚህ አይገባም። ታናሼ ግን በጊዜዋ ዘጠነኛ ገባች። ድርቆሹንና በሶውን በከረጢት ተሸክሜ ከተማ ድረስ የሸኘኋት እኔ ነኝ። ከተከራየችበት በር ላይ አውርጄላት፣ ትምህርት ቤቱን በአጥር አሳይታኝ ስመለስ እንባዬ መጣ። መንገድ ላይ ያገኙኝ ሁሉ «እህቷ ናፍቃት ነው» አሉ። እህቴ አልነበረችም የናፈቀችኝ። ዴስኩ ነው።

ጊዜው ሄደ፤ እኔ ደብረ ማርቆስ ገብቼ ኮሌጁ ውስጥ ተቀጠርኩ፣ እሷ አሥራ ሁለተኛን ተፈተነች። ውጤት የወጣ ዕለት ደወለችልኝ።

«እታለም፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ አላመጣሁም» አለች፤ ድምፅዋ ተቆራረጠ።

«አይዞሽ የኔ እናት፣ እግዜር ያውቃል» አልኳት።

ስልኩን ስዘጋው ግን ከደረቴ ላይ አንድ ነገር ቀለል አለኝ። ያን ቀን ኮሪደሩን ሳጸዳ አንጎራጎርኩ። ይህን ለንስሐ አባቴ ተናግሬዋለሁ፤ ለእናንተም ብናገር ምን አለበት።

መንገዱን ያሳየኋት ደግሞ እኔው ነኝ። አልቅሳ ስትመጣ ሆዴ አልቻለም፤ የኔ ቅናት እንዲህ ነው፣ በአንድ እጁ ይሰጣል። የኮሌጁን የማስታወቂያ ሰሌዳ መስታወት የማጸዳው እኔ ስለሆንኩ ከተማሪው ሁሉ በፊት የማነበው እኔ ነኝ። ነርስ መሆኛው መንገድ አንድ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አሥራ ሁለተኛን በደህና ነጥብ ያለፈ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ እዚያ ተምሮ፣ የመውጫ ፈተናውን አልፎ በዲግሪ ይወጣል። ነጥቡ ያልደረሰለት ጤና ኮሌጅ ገብቶ በሌቭል ፎር ይማራል፣ ግማሹን በክፍል፣ ግማሹን በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ልምምድ። ግን ኮሌጁ ጨርሰሻል ስላላት ነርስ አትሆንም። ሲኦሲ የሚባል የብቃት ምዘና አለ፤ በወረቀትም ነው፣ በእጅም ነው። መዛኞቹ ከሌላ ቦታ ይመጣሉ። ውጤቱ ሁለት ዓይነት ብቻ ነው፤ «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ»። ብቁ የተባለች ፈቃድ ታወጣለች፣ ትቀጠራለች፤ እየሠራች ደግሞ ቅዳሜና እሁድ ወይም በክረምት ዲግሪዋን ትቀጥላለች። መንገዱ ይዞራል እንጂ ያደርሳል።

ይህን ሁሉ በቃሌ ነው የያዝኩት። ልጆቻቸውን ሊያስመዘግቡ የሚመጡ ወላጆች ሰልፍ ይዘው ሳለ እኔን ይጠይቁኛል፤ መወልወያዬን ተደግፌ አስረዳቸዋለሁ። አንዲት ከደምበጫ የመጡ እናት ስነግራቸው ቆይተው፣

«አንቺስ ልጄ፣ የቱ ላይ ደረስሽ?» አሉኝ።

«እኔማ ኮሪደሩ ላይ» አልኳቸው። ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ታናሼ ተመዘገበች። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ራሴ ቀድሜ «ግቢ ውስጥ ስታዪኝ አትጥሪኝ፤ ‹የጽዳቷ እህት› እንዳይሉሽ» አልኳት። «ምን አለበት፣ እታለም?» እንድትለኝ ጠብቄ ነበር። ጫማዋን እያሰረች «እሺ» አለች። አንድ «እሺ» ብቻ። ሦስት ዓመት ሙሉ ኮሪደር ላይ ስንተላለፍ በዓይኗ ብቻ ሰላም ትለኝ ነበር፤ ያንን «እሺ» ያህል የቆረጠኝ የለም። የራሴ ቃል ነው፤ ማንን እወቅሳለሁ?

ጋውኗን የማጥበው እኔ ነኝ። ለብሼው አላውቅም፤ ሰው ሁሉ የሚጠረጥረኝ በሱ ነው። እኔ የቀናሁት በጋውኑ አልነበረም፣ ከደረት ኪሱ በምትሰካው እስክሪብቶ ነው። ጤና ጣቢያ ለልምምድ ስትወጣ የበሽተኛውን ካርድ ትጽፋለች፣ ሰው ያነበዋል፣ በሷ ጽሑፍ መድኃኒት ይታዘዛል። የኔን ጽሑፍ ማን አንብቦ ያውቃል? እስክሪብቶው አንዳንዴ ያፈስና ኪሱ ላይ እድፍ ይተዋል። ያንን እድፍ አጥብቄ አላሸውም ነበር። ትንሽ ትታይባት።

ደግሞ ጥናቱ። ታናሼ ትጉህ ናት፣ ግን ቀለም ቶሎ አይገባትም። ሞጁሉ በእንግሊዝኛ ነው። እኔ በስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛዬና ቅጠሉ በተገነጣጠለ መዝገበ ቃላት አንድ በአንድ እየፈታሁ ወደ አማርኛ እገለብጥላታለሁ። እሷ ደክሟት ስታንቀላፋ እኔ ስለ ልብ፣ ስለ ኩላሊት አነባለሁ። ከዚያ እንደ አባባ አደረግኩት፤ እያንዳንዱን አሠራር በውርድ ንባብ ዜማ አሰካክቼ በቃል አስያዝኳት። የደም ግፊት አለካኩ አሥራ ስድስት እርምጃ ወጣው። «እጄን እታጠባለሁ፣ ሰላም እላለሁ፣ ስሜን እናገራለሁ፣ የማደርገውን አስረዳለሁ፣ ፈቃድ እጠይቃለሁ...» እያለች ስትወርድ ከጎረቤት ያለችው አከራያችን «እናንተ ቤት ደግሞ ምን የሚሉት ማኅሌት ነው?» ትለን ነበር።

ሰባተኛው ላይ ሁልጊዜ ይጠፋባታል። ማሰሪያው ክንድ ላይ ከታሰረ በኋላ፣ ከመንፋት በፊት፣ የእጅ አንጓ ላይ የደም ሥር ምት በጣት ይፈለጋል። ይቺ እርምጃ ከተዘለለች መዛኙ ይጥላል ተብሏል። ታናሼ ግን እየዘለለች ወደ መንፋቱ ትሄዳለች፤ ወይ ደግሞ እዚያው ላይ ቆማ ታፈጣለች።

«ከራስ!» እላታለሁ።

«እታለም፣ የጠፋብኝ ሰባተኛው ላይ ነው እኮ፤ ከሰባተኛው ልቀጥል።»

«ራሱን ያልያዘ...»

«...ጭራውን አይጨብጥም፤ አውቃለሁ። አንድ አባባ ይበቃን ነበር፣ ሁለተኛ ወለዱ!»

አልጋው ላይ በሽተኛ ሆኜ የምተኛላት እኔ ነኝ። ሲጠፋባት መዳፌን ወደ ላይ ገልበጥ አደርግላታለሁ፤ አንጓዬ ይታያል፣ ታስታውሳለች፣ ትቀጥላለች። ጫፍ ማቀበል ማለት ይኸው ነው። መቶ ጊዜ ገልብጬላታለሁ።

ሦስተኛው ዓመት አለቀና የተግባር ምዘናው ቀን ደረሰ። ቦታው የኛ ኮሌጅ ዴሞ ክፍል ነው፤ አልጋዎችና የፕላስቲክ በሽተኞች ያሉበት፣ ተማሪዎች እጃቸውን የሚያፍታቱበት ክፍል። ትልቁን ፕላስቲክ ተማሪዎቹ «አባ ዝም» ይሉታል፤ ቢወጉትም ቢያገላብጡትም ምንም አይልም። ከሌሎች ኮሌጆች የመጡ ተፈታኞችም ነበሩ። እኔ በጠዋት ወለሉን አጽድቼ ልወጣ ስል የጽዳት ኃላፊያችንና አንድ መነጽር ያደረገ መዛኝ በሩ ላይ ያወራሉ። ለደም ግፊቱ እንድትተኛ የተያዘችው ሴት ልጇ ታሞባት ቀርታለች።

«አባ ዝምስ?» አለች ኃላፊዋ።

«ፕላስቲኩ ግፊት የለውም፣ እትዬ። ሕያው ሰው ነው የምፈልገው» አለ መዛኙ።

ኃላፊዋ ዞራ አየችኝ። «አንቺ፣ ነይ እስቲ። ለመተኛት ደግሞ ማን ይጠላል?»

«ከተፈታኞቹ የምታውቂው ሰው አለ?» አለኝ መዛኙ።

አፌን ከመክፈቴ ኃላፊዋ ቀደመችኝ። «ኧረ እሷ ማንን ታውቃለች? ጽዳት ናት።»

አፌን ዘጋሁት። ጫማዬን አውልቄ ተኛሁ። መዛኙ ራሱ ለካኝና ወረቀቱ ላይ ጻፈ፤ «መቶ አሥራ አምስት። ጎበዝ፣ ደህና ነሽ» አለኝ።

ተፈታኞቹ አንድ በአንድ ገቡ። ሁሉም ጋውን፣ ሁሉም እስክሪብቶ። ሁሉም «ጤና ይስጥልኝ፣ እህቴ» እያሉ ስማቸውን ይነግሩኛል። እኔ ጣራውን እያየሁ በሆዴ አብሬያቸው እወርዳለሁ፤ ማን የቱን እንደዘለለ ከመዛኙ በፊት አውቃለሁ። አንዱ እጁን ሳይታጠብ ጀመረ፤ አንዷ ማዳመጫውን ገልብጣ ጆሮዋ ውስጥ ከተተች። ለኔ ይህን ክንድ ይዤ የምቆምበት ቀን አልተሰጠኝም፤ ለነሱ ተሰጥቷቸው እንዲህ ያበላሹታል!

አራተኛ ወይም አምስተኛ የገባችው ልጅ ከሌላ ኮሌጅ ናት፤ አላውቃትም። ቀጭን ናት። ማሰሪያውን አሠረችና ሰባተኛው ላይ ቆመች፤ ልክ እንደ ታናሼ። ዓይኗ እንባ ሞላ። መዛኙ አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል። እኔ ሳላስበው፣ ከልማድ፣ መዳፌን ወደ ላይ ገለበጥኩት። ልጅቱ አየችው። ጣቷን አንጓዬ ላይ አሳረፈች፣ ተነፈሰች፣ ቀጠለች። ስትጨርስ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እህቴ» ያለችው አባባሏ አሁንም አለ ጆሮዬ ላይ።

ከዚያ ታናሼ ገባች።

ስታየኝ ፊቷ በራ። ውጭ ላይ ምን እንደሰማች ያኔ አላወቅኩም። ጋውኗን ትላንት የተኮስኩት እኔ ነኝ፤ መስመሩ ቀጥ ብሏል። ቀረብ ብላ «ጤና ይስጥልኝ፣ እህቴ» አለችኝ። በዚያ ግቢ ውስጥ እህቴ ስትለኝ የመጀመሪያው ነው፤ ያውም እንደማንኛዋም በሽተኛ። ስሟን ነገረችኝ። እኔ ጡት ስትጥል ያዘልኳት ልጅ ስሟን ትነግረኛለች!

በደንብ ወረደች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... የኔ ዜማ ነው፣ የኔ ቃል ነው፣ በሷ አፍ ግን ነርስ ይመስላል። ማሰሪያውን አሠረች፣ ስድስተኛው። ይህን ጊዜ መዛኙ ቀና ብሎ «ከክርን ሁለት ጣት ከፍ አድርገሽ ያሠርሽው ለምንድን ነው?» ብሎ ጠየቃት። መልሱን ታውቀዋለች፤ መለሰች። ግን ክሩ ተበጠሰ። ወደ ሥራው ስትመለስ የት ላይ እንደነበረች ጠፋት። መሐል ላይ ቆመች። እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኋት፤ ከመሐል መነሣት አላስተማርኳትም።

ዓይኗ ወደ እጄ ወረደ። ጠበቀች።

መዳፌ አንሶላው ላይ እንደተደፋ ነው። መገልበጥ ብቻ ነበር፤ ትንፋሽ ያህል አይከብድም። ማጭበርበር ስለሆነ ነው እንዳልል፣ ከጥቂት ደቂቃ በፊት ለማላውቃት ልጅ ገልብጫለሁ። በዚያች ቅጽበት ያሰብኩት ይህ ነው፤ «አንድ ቀን እንኳ አንቺም መሐል ላይ ቅሪ።» ዓይኔን ጨፈንኩ። በሽተኛ ዓይኑን ቢጨፍን ማን ምን ይለዋል?

የእግሯን ድምፅ ሰማሁ፤ ከአልጋው ራቀች። ቧንቧው ተከፈተ። ከራስ ጀመረች። እጇን ታጠበች፣ ተመልሳ መጣች፣ «ጤና ይስጥልኝ፣ እህቴ» አለች። ስሟን እንደገና ነገረችኝ። መዛኙ «ይሄንን አድርገሻል እኮ» አላት። አልሰማችውም። ሰባተኛውን ዘለለችው፣ ነፋች፣ ማዳመጫውን ክርኔ ላይ አስቀምጣ አየሩን ለቀቀች።

«ላይኛው መቶ አርባ» አለች።

«መቶ አርባ?» አለ መዛኙ የጠዋቱን ወረቀት እያየ። ቀጥሎ ሰዓቷ አለቀ። ወጣች። በሩን ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው።

መዛኙ መጥቶ ራሱ ለካኝ። ሁለት ጊዜ ለካ። «ይገርማል፣ እውነቷን ነው። መቶ አርባ ገብተሻል። ምን ሆንሽ?»

«መተኛት ደከመኝ» አልኩት።

ውጤቱ ሲለጠፍ ሰሌዳውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ቀጭኗ ልጅ ብቁ። ታናሼ ገና ብቁ ያልሆነች። ጨርቄን ይዤ መስታወቱን ሳጸዳ ቆየሁ፤ ደስታ ይመጣል ብዬ ነበር መሰለኝ። የመጣው ዝም ያለ ነገር ነው፣ ሰው ከወጣ በኋላ ቤት ውስጥ እንደሚቀረው።

ቤት ስገባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ጋውኑ ጉልበቷ ላይ ተጣጥፏል።

«እታለም፣ ለዚያች ልጅ ገልብጠሽላታል።»

«ለየትኛዋ?»

«አታስመስዪ። ወጥታ ለሁላችን ነው የነገረችን። ‹ውስጥ የተኛችው ሴትዮ ማርያም የላከቻት ናት፣ ሲጠፋብኝ እጇን ገለበጠችልኝ› አለች። ማን እንደሆነች ገባኝ። ሳቅኩ። ልቤ ሞልቶ ነው የገባሁት።»



«ለሷ ገልብጠሽ፣ ለኔ?»

«በሽተኛ ነበርኩ እኮ» አልኳት። ከዚህ የባሰ መልስ በዕድሜዬ ሰጥቼ አላውቅም።

«በሽተኛ» አለች ቀስ ብላ። ብትሰድበኝ እወድ ነበር።

በማግስቱ አባባ ደወለ። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ስለምታወራ እሰማለሁ።

«የት ላይ ነው የጠፋብሽ፣ ልጄ?»

«መሐል ላይ፣ አባባ።»

«ጫፍ የሚያቀብል አልነበረም? አጠገብሽ ማን ነበር?»

እኔ ሰሐን እያጠብኩ ነበር፤ የያዝኩትን እንኳ አላስቀመጥኩም። ታናሼ አላየችኝም።

«ማንም አልነበረም፣ አባባ» አለችው።

ለድጋሚው ምዘና ሦስት ወር ነበራት። ሞጁሎቿን በፌስታል አድርጋ አንዲት የክፍል ጓደኛዋ ዘንድ ማጥናት ጀመረች፤ የምትመጣው ለእንቅልፍ ብቻ ሆነ። እኔ በአማርኛ የገለበጥኩላት ደብተር መደርደሪያው ላይ ቀረ። አንድ ቀን አለፍ ስል በዚያች ጓደኛዋ ግቢ በር አየኋቸው፤ ጓደኛዋ ከመሐል እያነሣች ትጠይቃታለች፣ «ዘጠኝ! አራት! አሥራ ሁለት!» እያለች፤ ታናሼ እየሳቀች ትመልሳለች። ቀለም ገብቷታል። ያስገባላት ሌላ ሰው ነው። በእህቴ ቀንቼ አልበቃ ብሎኝ በዚያች ልጅም ቀናሁ፤ ቆሜ እያየኋቸው ዝናብ ጀመረ፣ ከዚያ ሄድኩ።

የድጋሚው ምዘና ሳምንት የሥራ ምድብ ሲወጣ እኔ ከዴሞ ክፍል ተነሥቼ በላይኛው በኩል፣ ቤተ መጻሕፍቱ ጋ ተመድቤያለሁ። የኃላፊዋ ነገር ነው ብዬ አልጠየቅኩም። የመጽሐፍ አቧራ ሳራግፍ ዋልኩ። ታናሼ አለፈች። ብቁ ተባለች፣ ፈቃዷን አወጣች፣ በጉንደ ወይን መንገድ ካለ አንድ ጤና ጣቢያ ተቀጠረች። የሄደች ቀን ሻንጣዋን ባጃጅ ላይ ጫንኩላት፤ አቀፈችኝ። ደብተሬን ከመደርደሪያው ላይ አልወሰደችውም፣ እኔም አልሰጠኋትም። አሁን ዲግሪዋን ቅዳሜና እሁድ ጀምራለች ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ሰምቻለሁ የምለው መጀመሪያ የነገረችው ለእናቴ ስለሆነ ነው።

ከሄደች ወር ሳይሞላ፣ መጥረጊያ ስንቆጥር፣ ኃላፊዋ ቀና ብላ አየችኝ።

«አንቺ ደባቂ! ያቺ ልጅ እህትሽ መሆኗን ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማን ነገረሽ?»

«ራሷ ናታ!» አለች። ከድጋሚው ምዘና በፊት ባለው ሳምንት ታናሼ ጋውኗን እንደለበሰች የጽዳት ዕቃ ክፍላችን ድረስ መጥታ ነበር። ሌሎቹ ሠራተኞችም ተቀምጠው ነበር አሉ። በሁላቸው ፊት እኔ እህቷ መሆኔን ተናገረች፤ ነርስነቱን ያስጠናኋትም እኔ መሆኔን። ከዚያ በፈተናው ቀን ዴሞ ክፍል እንዳልመደብ ኃላፊዋን ለመነቻት፤ ሥራ ይዛ እስክትሄድም እንዳይነግሩኝ ሁላቸውንም አስማለቻቸው።

«ለምን ብዬ ጠየቅኋታ» አለች ኃላፊዋ መጥረጊያውን አስቀምጣ። «‹እኔ ስፈተን ካየች ግፊቷ ከፍ ይላል› አለችኝ። ‹ባለፈው ለክቼ አይቼዋለሁ› አለች።»